የሁለት እጅ ሕግ

በ2091 ዓ.ም. ክረምት የታች መልካ ሰው ጠዋት ከአልጋው ከመውረዱ በፊት ጆሮውን ያቆም ነበር። ግድቡ አናት ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ መጀመሪያ የሐይቁን ከፍታ፣ ቀጥሎ የውሃውን ቀለም ይናገራል። "ንጹሕ" ካለ ቧንቧ ይከፈታል፤ ይጠጣል፣ ይታጠባል፣ ልብስ ይዘፈዘፋል። "አረንጓዴ" ካለ ግን ቧንቧው እንደታሰረ ይውላል። ተማሪዎች ፊታቸውን በደረቅ ጨርቅ አሻሽተው ይወጣሉ፤ ሻይ ቤቶች በራቸውን አይከፍቱም፤ ቄሱም ለጠበል የሚሆን ውሃ ከሌላ አገር ያስመጣሉ።

በየቤቱ አልጋ መሬት አይነካም። ከጣሪያው ላይ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ፣ ሰኔ ሲገባ ወደ ላይ ይሳባል፣ መስከረም ሲጠባ ወደ ታች ይለቀቃል። ሰርግ ላይ ለሙሽሮች ከሚሰጠው ስጦታ ሁሉ የሚመሰገነው የማይዝግ ሰንሰለት ነው። በዚህ የሚገረም ሰው አልነበረም።

የደብሪቱ አሰጋኸኝ ስም በዕጣ የወጣው በዚያ ክረምት፣ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ነው። በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያለች፣ ቁመቷ ረዘም ያለ፣ ቶሎ የማትስቅ ሴት ነበረች። ወንዙ ዳር ባለው ረባዳ መሬት ላይ፣ ከታናሽ ወንድሟ ከጌጡ ማሳ ጎን፣ ሽንኩርት ታለማ ነበር። በዚያ ሳምንት ሽንኩርቱ ራስ ቋጥሯል፤ ቅጠሉ ግን ገና ጋደም ስላላለ ለነቀላ አልደረሰም።

ዕጣው የግድቡ ዕጣ ነው። የመልካ ግድብ በሮች በሁለት ሰው እጅ ካልሆነ አይከፈቱም። አንዱ ሰው ከላይ መልካ፣ ከሐይቁ ዳር ይመጣል፤ ሌላው ከታች መልካ፣ ከግድቡ ግርጌ። ሁለቱ መዳፋቸውን እኩል ካላሳረፉ ብረቱ ንቅንቅ አይልም። ቀድሞ በሮቹን የሚከፍተውም የሚዘጋውም የግድቡን ውሃ የሚያሰላው ማሽን ራሱ ነበር። ሕዝቡ "መካሪው" ይለዋል። አንድ ዓመት መካሪው ሒሳቡን ሠራ፣ ትክክል መሆኑን አረጋገጠ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ማለዳ ላይ ከፈተ። ሒሳቡ እውነትም ትክክል ነበር፤ የሞተው ሰው መካሪው ከገመተው አላለፈም። የሁለት እጅ ሕግ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ዕጣ የወጣለት ሰው ግድቡ ላይ ባለው ቤት ተቀምጦ ተራውን ይወጣል። አልሄድም ማለት የሚችሉት አራስና ሐዘንተኛ ብቻ ናቸው። ደብሪቱ ለአራስነት ዕድሜዋ አልፏል፤ ባሏንም ከቀበረች ቆይታለች። ስለዚህ ሁለት ቀሚስና አንድ ጋቢ በፌስታል ጠቅልላ የግድቡን መኪና ጠበቀች።

ጌጡ ሊሸኛት ወጣ። ድምፁ ትልቅ፣ ሆዱ ንጹሕ የሆነ፣ ቂም የማያውቅ የሚባል ሰው ነበር።

"እጅሽን ኪስሽ ክተቺና ተቀመጪ" አላት። "እዚያ የሚያገኝሽ የላይ ሰው መጀመሪያ የሚልሽ ክፈቺ ነው። እነሱ ዘንድ ውሃ በር ላይ ሲደርስ ጎርፍ ይሉታል። እኛ ዘንድ አልጋ ላይ ሲደርስ ነው ጎርፍ የምንለው።"

"አውቃለሁ።"

"ከፍተሽ ብትመጪ እህት የለኝም!" አለና ሳቀ። መኪናው ሲነሳም እየሳቀ ነበር።

ከላይ መልካ የመጣው ሰው ደቻሳ ጉደታ ይባላል። ጸጉር አስተካካይ ነው። ስድሳውን አልፏል፤ ጥፍሮቹ ንጹሕ፣ ንግግሩ አጭር ነበር። የግድቡ ቤት ሁለት ክፍልና አንድ የጋራ ጠረጴዛ አለው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የመዳፍ ቅርጽ ያለበት ብረት ተተክሏል። ሰዎቹ ምሳቸውንም እራታቸውንም የሚበሉት እዚያው ብረቱ ሥር ነው። ጠዋት ጠዋት ተረኛዋ መሐንዲስ ሲፈን ትመጣለች። ወጣት ናት፤ ሥራውን የያዘችው በዚያው ዓመት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲህ አለፉ። ከመስኮቱ ሥር ሰው የሌለባቸው ጀልባዎች አረንጓዴውን አልጌ ከውሃው ላይ እየላሱ ይዞራሉ። ደብሪቱ ሽንኩርቷን ታስባለች። ደቻሳ ምላጩን ይስላል፤ የሚላጭ ሰው ግን የለም። መካሪው ከጣሪያው ሥር፣ ትሕትና በተሞላ ድምፅ፣ በየማለዳው ያንኑ ይናገራል፦ "እንደምን አደራችሁ። ዛሬም ይዞ መቆየት ይመከራል።"

የሐይቁ ነገር በቀላሉ ሲነገር እንዲህ ነው። ሐይቁ ከጎደለ ውሃው ይሞቅና አረንጓዴው ይወፍራል፤ የሚጠጣ ይጠፋል። ሐይቁ ከሞላ ደግሞ ዝናብ ሲመጣ መያዣ ያጣል። ክረምቱ የሚያልፈው በሁለቱ መሃል ነው። ታቾች ሁልጊዜ ይያዝ ይላሉ፤ ላዮች ሁልጊዜ ይለቀቅ ይላሉ። ለዓመታት አንዱ የሌላውን ምክንያት ሰምቶ አያውቅም፤ ለመስማትም የሚያስገድደው ሕግ አልነበረም።

አንድ ጠዋት ሲፈን ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

"ከደጋው ትልቅ ዝናብ እየመጣ ነው" አለች። "ከነገ ወዲያ ይደርሳል። ሐይቁ ደግሞ እንደምታዩት ሞልቷል።"

"መካሪው ምን ይላል?" አለች ደብሪቱ።

መካሪው ራሱ መለሰላት። "ይዞ መቆየት ይመከራል፤ ወይዘሮ ደብሪቱ። ውሃው ቀይ መስመር ድረስ ይወጣል፤ አያልፍም። ግድቡ ይችለዋል። በታች መልካ የሚደርስ ጉዳት አይኖርም።"

ደብሪቱ እጇን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አኖረች። ደቻሳ ተመለከታት።

"መክፈት አለብን" አላት። "ዛሬ ባይሆን ነገ።"

"ይጠብቁ እስቲ፤ ቤትዎ ውሃው ዳር ነው አይደል?"

"አይደለም። ቤቴ ኮረብታው ላይ ነው። ቀይ መስመር አይደለም፣ ሐይቁ በግድቡ አናት ላይ ቢፈስም ቤቴን አይነካውም።"

"ታዲያ ምን አስጨነቀዎት?"

ደቻሳ ምላጩን አጥፎ ኪሱ ከተተ። "ሃያ ዓመት ሙሉ ስናገረው የኖርኩትን አሁን ደግሜ ብናገር የላይ ሰው ነው፣ ይዋሻል ይሉኛል። እርስዎ ይምጡና በአፍንጫዎ ይፍረዱ።"

ተረኞቹ በቀን አብረው ከሆኑ መውጣት ይፈቀድላቸዋል። ሲፈን ሁለቱንም በመኪናዋ ይዛ ሐይቁን ዞረች። ደብሪቱ ላይ መልካን አይታ አታውቅም ነበር። የደረሱበት ቦታ ከተማው ጀርባ፣ ፈራርሶ ከቆመ የቆዳ ፋብሪካ ግድግዳ በስተኋላ ነው። ፋብሪካው ከተዘጋ አንድ ትውልድ አልፏል። ከግድግዳው እስከ ሐይቁ ጠርዝ ድረስ ሜዳ ነው፤ ሜዳው ላይ ሣር በቅሏል። ሣሩ ከመጠን በላይ ለምልሟል። ወዲያ ማዶ ፍየሎች ድንጋይ ሲልሱ ይታያሉ፤ ወደዚህኛው ሣር ግን አንዳቸውም አልመጡም።

"ይሄ የግጦሽ ሜዳ ይመስላል" አለ ደቻሳ። "ፋብሪካው ጭቃውን እዚህ ጉድጓድ እየቆፈረ ሞላው። ሲዘጋ አፈር አለበሱትና ጸዳ ተባለ።"

ከዘራውን ሣሩ መሃል ተከለና ተደገፈበት። ከዘራው ቅቤ ውስጥ እንደገባ ቢላ ሰመጠ። ሲያወጣው እስከ እጀታው ድረስ ጠቁሯል። ሽታው ወጣ። የበሰበሰ እንቁላልና እርጥብ ቆዳ አንድ ላይ የተቀቀሉ ይመስላል። ደብሪቱ በአረንጓዴ ቀን ሽታ ያደገች ሰው ናት፤ ቢሆንም ዓይኗ እንባ ሞላ። ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ይዛ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

ያፈገፈገችበት ቦታ ላይ አንድ ምሰሶ ቆሟል። የሐይቁን ከፍታ የሚያሳይ የብረት ምሰሶ ነው። ቀና ስትል ቀዩ መስመር ከራሷ በላይ ተቀብቶ አየችው። ወደ እግሯ ተመለከተች፤ የቆመችው ሣሩ ላይ ነው። እንደገና ቀና አለች።

"ውሃው እዚህ ድረስ ይወጣል?" አለች ሲፈንን።

"ከያዝነው፣ አዎ።"

"እዚህ ከወጣ ይሄ ጭቃ ምን ይሆናል?"

"ይሟሟል። ክሮም የሚባል የቆዳ ማልፊያ መርዝ አለበት፤ ሌላም ብዙ ነገር አለበት። ወደ ሐይቁ ይገባል፣ ከሐይቁ ወደ እናንተም ቧንቧ ይወርዳል።" ሲፈን ዓይኗን ከሜዳው አላነሳችም። "አረንጓዴውን ጀልባዎቹ ይልሱታል። ይሄን የሚልስ ጀልባ የለም። አንዴ ከገባ ገባ ነው።"

"አንቺ ይሄን እያወቅሽ..."

"መዝገቡ ጸድቷል ይላል። ለበላዮቼ ሁለቴ ጻፍኩ፤ ጸድቷል ብለው መለሱልኝ። እኔ ብሆን እከፍት ነበር፤ ግን ደሞዝተኛ ነኝ፣ በሩ የኔን እጅ አያውቀውም።"

ደብሪቱ ግድቡ ቤት እንደገባች ነጠላዋን ሳታወርድ ወደ ጣሪያው አንጋጠጠች።

"በላይ መልካ ከቆዳ ፋብሪካው ጀርባ የጭቃ ጉድጓዶች አሉ" አለች። "ውሃው ቀይ መስመር ሲደርስ ምን ይሆናሉ?"

"በተጠቀሰው ስፍራ የተመዘገበ ጉድጓድ የለም፤ ወይዘሮ ደብሪቱ።"

"ቆሜባቸው መጣሁ እኮ ነው የምልህ!"

"ስለሰጡን መረጃ እናመሰግናለን። በመጪው የዕቅድ ዘመን ይመረመራል።"

"ዝናቡስ? እሱም የዕቅድ ዘመኑን ይጠብቃል?"

"ዝናቡ ከነገ ወዲያ ይጠበቃል።"

ደብሪቱ ተቀመጠች። ከዚያ ሲፈንን ጠየቀቻት፤ ነገ ቢከፈት ታች ምን ይሆናል? ሲፈን አልደበቀቻትም። ቀስ ተብሎ ከተለቀቀ ረባዳው በሙሉ ይሸፈናል። የመጨረሻው ረድፍ ቤቶች ውስጥ ውሃ እስከ ጉልበት ይገባል። ሰው አይሞትም፣ ከተነገረው። ሽንኩርት ግን አይተርፍም።

"የመጨረሻው ረድፍ ላይ ያለው ወንድሜ ነው" አለች ደብሪቱ።

"ነገ ቀትር ላይ እጄን አሳርፋለሁ" አለች። "ከዚያ በፊት ግን ሕዝቤን ሄጄ እነግራለሁ። ሳይሰሙ አልከፍትባቸውም። ያ ማሽን ያደረገውን እኔ አላደርገውም።"

"እኔም እመጣለሁ" አለ ደቻሳ።

"አይሆንም። እርስዎን ካዩ እኔን አይሰሙኝም።"

"ሕጉ ለብቻሽ አያስወጣሽም" አላት። ለመጀመሪያ ጊዜ "አንቺ" ያላት ያኔ ነው፤ እሷም አልከፋትም። "መኪናው ውስጥ ተቀምጬ እጠብቅሻለሁ።"

የታች መልካ ሰው ከሰዓት በኋላ በዕድሩ አዳራሽ ተሰበሰበ። አግዳሚ ወንበሮቹ በየግድግዳው ዙሪያ ከፍ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ ሰው ሲቀመጥ እግሩ ይንጠለጠላል። ደብሪቱ መሃል ቆመችና ያየችውን ተናገረች። ሜዳውን፣ ፍየሎቹን፣ ከዘራውን፣ ከራሷ በላይ ያለውን ቀይ መስመር።

"ማሽኑ እንኳ ያዙ እያለ!" አለ አንድ ሰው ከኋላ።

"ማሽኑ ጉድጓዱን አያውቀውም።"

"አንቺስ ዛሬ አይደል ያወቅሽው? ላዮቹ አሳዩሽ፣ አንቺም አየሽ።"

ጌጡ ተነሳ። አሁን አይስቅም ነበር። "ደብሪቱ፣ እስቲ ንገሪኝ። ምን አበሉሽ?"

"ምንም አላበሉኝም። አሸተትኩ።"

"አሸተትኩ! ሰው ሲያሸት የወንድሙን ማሳ በውሃ ያሰጥማል? እኛ ሽንኩርቱን ከዚህ ጭቃ ውስጥ በጥፍራችን ነው ያበቀልነው። አሥራ አምስት ቀን ቢቆይ ይደርሳል። ለአንድ ሽታ ብለሽ..."

"ለሽታ አይደለም፤ ልጆችህ ለሚጠጡት ነው።" ወደ ሌሎቹ ዞረች። "ስሙኝ። ልለምናችሁ አልመጣሁም፤ ፈቃዳችሁንም አልጠየቅኩም። ዕጣው የኔ ነው፣ ዕዳውም የኔ ነው። ነገ ቀትር ላይ እከፍታለሁ። የመጣሁት ሽንኩርታችሁን ንቀሉ ልላችሁ ነው። ለጋ ነው፤ ግን ለጋ ሽንኩርት ከበሰበሰ ሽንኩርት ይሻላል። የመጨረሻው ረድፍ ቤቶች ዕቃችሁን አውጡ። አልጋችሁን እስከ ጣሪያ ሳቡ።"

ግማሹ ሰው እየሰደባት ወጣ። ግማሹ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ዝም ካሉት መሃል ሙሉነሽ የምትባል ጎረቤቷ ከወንበሯ ዘላ ወረደችና ቀሚሷን በመቀነቷ ሸብ አደረገች። "እኔ እንግዲህ ከምሰድባት ብነቅል ይሻለኛል" አለች። ተከትለዋት የወጡት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ።

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ረባዳው ላይ ሰው ፈሰሰ። እርጥብ አፈር ስለነበር ሽንኩርቱ በቀላሉ ተነቀለ። ችግሩ መሸከሙ ነው፤ ከማሳው እስከ አስፋልቱ ዳገት አለ። ጀርባዎች ጎበጡ፣ ማዳበሪያዎች ተቀደዱ። ደብሪቱ የራሷን ትታ ከጫፍ ያለውን የአንዲት አቅመ ደካማ ማሳ ትነቅል ነበር።

ፀሐይ ከፍ ስትል አንድ አይሱዙ አስፋልቱ ላይ ቆመ። ሰው ጭኗል። መጀመሪያ የወረደው ደቻሳ ነው፤ ሲፈን ሕጉን ለአንድ ጠዋት እንዳላየች ሆና ሁለቱን ለየብቻ አስወጥታቸዋለች፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሏል። አብረውት የመጡት ላዮች ብዙ አይደሉም። ከተማው ሙሉ ሰው አለው፤ የመጣው አንድ መኪና ነው። የታች ሰዎች ቀና ብለው አዩዋቸው። ማንም እንኳን ደህና መጣችሁ አላለም። ሙሉነሽ ብቻ ባዶ ማዳበሪያ ወርውራ "በዚህ በኩል ጀምሩ!" ብላ ጮኸች።

ጌጡ ማሳው ዳር እጁን አጣምሮ ቆሟል። ደብሪቱ ሄደች።

"ጌጡ፣ ሰው አለ፣ ጊዜም አለ። ያንተን እንንቀልልህ።"

"አትነኪም።"

"እኔን ጥላኝ። ሽንኩርቱን ግን ለምን ትቀጣዋለህ?"

"አልነቅልም። ብነቅል ትክክል ነሽ ማለት ነው።" ፊቱን አዞረ። "እጅሽን ከማሳዬ ላይ አንሺ።"

ቆማ ጠበቀችው። አልዞረም። ትታው ወደ ግድቡ ሄደች።

ቀትር ላይ ሦስቱ የግድቡ ቤት ውስጥ ነበሩ። ሰማዩ በደጋው በኩል እንደ ብረት ምጣድ ጠቁሯል። ሲፈን መስኮቱ አጠገብ ቆመች። ደብሪቱ እጇን ለመታጠብ ወደ ቧንቧው ሄዳ ነበር፤ ቀኑ አረንጓዴ ስለሆነ ቧንቧው ዝግ ነው። የሽንኩርት አፈር እንዳለበት መዳፏን ብረቱ ላይ አሳረፈች። ደቻሳም አሳረፈ።

"ውሳኔያችሁ ከምክሬ ጋር አይስማማም" አለ መካሪው። "እርግጠኛ ከሆናችሁ እጃችሁን አንስታችሁ እንደገና አሳርፉ።"

አነሱ። እንደገና አሳረፉ።

"በታች መልካ ጉዳት ይደርሳል። ይህን መረዳታችሁን በድምፅ አረጋግጡ።"

"ተረድቻለሁ" አለ ደቻሳ።

ደብሪቱ በመስኮቱ ከሩቅ የሚታየውን ረባዳ፣ አስፋልቱ ዳር የተከመረውን ሽንኩርት፣ ከሁሉም ግርጌ ያለውን የቆርቆሮ ጣሪያ ተመለከተች። "ተረድቻለሁ" አለች ወደ ጣሪያው ቀና ብላ። "ከአንተ ይልቅ።"

ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ብረቱ አቃሰተና ተላቀቀ። ውሃው በግድቡ ግርጌ ነጭ ሆኖ ወጣ፤ ወዲያው ቡናማ ሆነ።

ዝናቡ ከተባለው በላይ ሆኖ መጣ። የሲፈንም ግምት አልሠራም፤ በመጨረሻው ረድፍ ውሃው ጉልበት ላይ አልቆመም፣ ወገብ ደረሰ። ሰው አልሞተም። ያልተነቀለው ሽንኩርት በሙሉ በሰበሰ። የጌጡ ቤት የኋላ ግድግዳ ወደ ውስጥ ወደቀ፤ አልጋው ግን በሰንሰለቱ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ላይ መልካ ውስጥ ሐይቁ ተነሳ፣ ወደ ፋብሪካው ሜዳ ተጠጋ፣ የሣሩን ዳር ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ቆመ። ሲፈን ይህን ልታይ በዝናብ ሄዳ ነበር። ስትመለስ ከእግር እስከ ራሷ ርሳ "ቆሟል" ብቻ አለቻቸው። ደቻሳ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። መካሪው ሪፖርቱን አነበበ። የደረሰ ጉዳት፣ ብሎ ዘረዘረ። ዝርዝሩ ረጅም ነበር። ያልደረሰ ጉዳት፣ አለ ቀጥሎ፤ አልተመዘገበም።

ተራዋ አልቆ ደብሪቱ ወደ ቤቷ ስትመለስ የሠፈሩ ባለሱቅ ሰላምታዋን ሳይመልስ ዕቃ ይደረድር ጀመር። ለቅሶ ቤት ስትሄድ ከጎኗ የሚቀመጥ ጠፋ። ጌጡ በሩን አልከፈተላትም። ከሁሉ የከበዳት ግን ጥያቄው ነበር፤ ያገኛት ሁሉ ያንኑ ይጠይቃታል።

"የታለ መርዙ?"

"አልመጣም።"

"አየሽ!"

"አየሁ እንጂ። አልመጣም።"

ይህን መልስ የሚረዳላት አልነበረም። መርዙ መጥቶ ቢሆን ያምኗት ነበር፤ ስላዳነቻቸው ውሸታም ሆነች። ይህ ሲገባት አንድ ቀን ሙሉ ከቤት ሳትወጣ ዋለች። በማግስቱ ተነስታ ደቻሳ ዘንድ ደወለች።

"የሚቀጥለው ክረምት ይመጣል" አለችው። "ዕጣው ለሌላ ሰው ይወጣል። ያ ሰው አይከፍትም። እኔን አይቶ ማን ይከፍታል? ጉድጓዱ መጥፋት አለበት።"

"ሃያ ዓመት ጮኸናል እኮ።"

"የጮኻችሁት ላዮች ብቻ ናችሁ። አሁን አንድ ታች ጨምሩ።"

የተፋሰሱ ጉዳይ የሚታይበት ቢሮ በአውቶብስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሁለቱ እዚያ እየተመላለሱ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ። የመጀመሪያው ኃላፊ ጸድቷል አላቸው። ሁለተኛው ስብሰባ ላይ ነው ተባሉ። ሦስተኛው ትሑት ነበር፤ ሻይ አዘዘላቸው፣ ከዚያ ጸድቷል አላቸው። ጥቅምት አለቀ፣ ኅዳር ገባ። ደቻሳ ሊሰለች ሲል ደብሪቱ የምትሄድበትን ቀን ትነግረዋለች፤ እሱም ይመጣል።

በኅዳር ወር አንድ ቀን ደብሪቱ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ባልዲ ይዛ መጣች። ትሑቱ ኃላፊ ቢሮ ገባችና ባልዲውን ምንጣፉ ላይ አኖረችው።

"ጸድቷል ያሉት ይሄ ነው?" ብላ ክዳኑን አነሳችው።

ኃላፊው ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። ጸሐፊዋ እያሳለች ወጣች። ኮሪደሩ ላይ በሮች ተከፈቱ፤ ሰዎች መሐረባቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ወደ ደረጃው ተንጋጉ። ደብሪቱ ንቅንቅ አላለችም። እንባዋ በጉንጮቿ ይወርዳል፤ ከሽታው ነው፣ ከሌላም ይሆናል።

"ክደኚው!" አለ ኃላፊው።

"ሰው ልከው ያስመረምሩ። ያኔ እከድነዋለሁ።"

በዚያው ሳምንት መርማሪዎች ወደ ላይ መልካ ሄዱ። ሲፈን መንገዱን አሳየቻቸው። መካሪውም በመጨረሻ "ጉድጓድ" የሚለውን ቃል ስለዚያ ሜዳ መናገር ጀመረ።

ጽዳቱ የተጀመረው ጥር ላይ ነው። ከላይ መልካ የሚወጣው የመኪና መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በታች መልካ መሃል ያልፋል። የመጀመሪያው ገልባጭ መኪና ጥቁር ጭቃ ጭኖ ሲመጣ ሽታው ቀድሞት ደረሰ። ሻይ ቤት ያሉት ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ሴቶች ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው ከየበራቸው ወጡ። ሰው ሁሉ በመንገዱ ግራና ቀኝ፣ አስከሬን እንደሚያሳልፍ፣ ዝም ብሎ ቆመ። ሁለተኛው መኪና አለፈ። ሦስተኛው አለፈ። ከዚያ በኋላ እየተከታተሉ መጡ።

ደብሪቱ በሯ ላይ ቆማ ነበር። ጌጡ ከታችኛው ረድፍ ሲመጣ አየችው፤ እጁ እስከ ክርኑ ሲሚንቶ ነክቶታል። ከክረምት ጀምሮ አላናገራትም። ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ቆመና ሸሚዙን አፍንጫው ላይ አድርጎ መኪናዎቹን ተመለከተ። ብዙ መኪና አሳለፈ።

"ይሄ ነው?" አለ፣ ሳያያት።

"ይሄ ነው።"

"ይሄ ሁሉ?"

"ገና ነው። እስከ ሚያዝያ ይመላለሳሉ ብለዋል።"

ሌላ መኪና አለፈ። ከጀርባው የተንጠባጠበው ጭቃ አስፋልቱ ላይ ጠቁሮ ቀረ። ጌጡ ጭቃውን አየው፣ ቀጥሎ ወደ ሠፈሩ ቧንቧ፣ ወረፋ ወደያዙት ሕፃናት ዞረ።

"የኋላውን ግድግዳ ነገ ነው የምጨርሰው" አለ። "ድንጋይ የሚያቀብለኝ ሰው የለኝም።"

"ጠዋት እመጣለሁ" አለችው።